ሮም ላይ የመሸባት መንገደኛ

ባቡሩ ሮም ተርሚኒ ሲገባ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል። ከሚላኖ ስነሣ ለእራት እደርሳለሁ ብዬ ነበር፤ ቦሎኛን አልፈን ሜዳ ላይ ተገትረን ስንቀር እራቱም ማደሪያውም አብሮ ቀረ። ቁልፍ ልትሰጠኝ የተቀጣጠርናት የአክስቴ ልጅ ጓደኛ አንዲት አሮጊት ጣሊያናዊት ቤት እያደረች የምታስታምም ናት። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ከዚያ ቤት ንቅንቅ ማለት አይፈቀድላትም፤ ስልኳንም ታጠፋለች። ሮም ውስጥ እንዲህ የሚኖሩ ሐበሻ ሴቶች ብዙ ናቸው፦ ተከራይተው የያዙት አልጋ አላቸው፣ የሚያድሩት ግን ሰው ቤት ነው።

ተርሚኒ ቀን ላይ ሰው የሚጠፋፋበት ጣቢያ ነው። በዚያ ሰዓት ግን ሱቁ ተዘግቷል፣ ሰሌዳው የነገን ባቡሮች መደርደር ጀምሯል፣ ጥበቃዎቹ ከወዲያኛው ጫፍ ተነሥተው የቀረውን ሰው ወደ በሩ ይሸኙታል። ከበሩ ውጭ ሕዝቡ ለሁለት ይከፈላል። ሻንጣ የሚጎትተው ወደ ታክሲ ሰልፍ ይሄዳል፤ ካርቶን የያዘው ከግንቡ ሥር ቦታውን ያነጥፋል። እኔ ሻንጣ አለኝ፣ ለባለታክሲው የምነግረው አድራሻ ግን የለኝም። ብቻዋን የሆነች ሴት በዚህ ሰዓት የሚያዋጣት መቸኮል ነው። የሚጠብቃት ሰው ያለ ይመስል ፈጠን ፈጠን ማለት፣ ዞር ብሎ አለማየት።

ፈጠን ፈጠን እያልኩ ያቋረጥኩት አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ ይባላል፣ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ። አምስት መቶዎቹ በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ ከራስ አሉላ ጦር ጋር ገጥመው ያለቁት የሌተና ኮሎኔል ዴ ክሪስቶፎሪስ ወታደሮች ናቸው፤ ከ400 በላይ የሚሆኑት እዚያው ወደቁ። ሮም በዚያው ዓመት በግብፃዊው ፈርዖን በራምሴስ ሁለተኛ ዘመን የተጠረበ ሐውልት ከጣቢያው ፊት አቁማ የሟቾቹን ስም አስቀረጸችበት። ሐውልቱ በኋላ ጥቂት ፈቀቅ ተደርጎ ዛሬ ከአደባባዩ አጠገብ ካለች ትንሽ የአትክልት ቦታ ላይ ቆሟል። በ1937 እ.ኤ.አ. ፋሺስቶቹ ከአዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ነቅለው ያመጡትን የይሁዳ አንበሳ ከሥሩ አስቀመጡት፤ በዓመቱ፣ በሰኔ ወር፣ ኤርትራዊው ዘርዓይ ደረስ እዚያ አንበሳ ፊት ጎራዴውን መዘዘ። ተይዞ ሲሲሊ ውስጥ በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል እንደተዘጋበት በ1945 እ.ኤ.አ. አረፈ። አንበሳው አገሩ ተመልሶ ለገሃር ፊት ለፊት ቆሟል። አንድ የአዲስ አበባ ተማሪ ሮምን ሳያይ የሚያውቃት በዚህ ታሪክ ነው። ግን ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ይህን ሁሉ ማወቅ አልጋ አይሆንም።

ርካሽ ፔንሲዮኖች የሚበዙት ከጣቢያው በስተ ሰሜን፣ ወደ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ በሚወስዱት መንገዶች ላይ ነው። የሰፈሩ መንገዶች አብዛኞቹ በጦር ሜዳ ስም የተሰየሙ ናቸው፦ ማጀንታ፣ ሶልፌሪኖ፣ ፓሌስትሮ፣ ሞንቴቤሎ፣ ሚላዞ፣ ቮልቱርኖ። ጣሊያኖች አገራቸውን አንድ ለማድረግ የተዋጉባቸው ቦታዎች ናቸው። አንዱ ሕንፃ ውስጥ ሦስት አራት ፔንሲዮን በየፎቁ ተደራርቦ ይገኛል፤ ታች በሩ ላይ ደወል መደወል፣ በሽቦ በሚመጣ ድምፅ መነጋገር ነው። የመጀመሪያው ድምፅ «ኮምፕሌቶ» ብሎ ዘጋ፣ ሞልቷል። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው አስገባኝና ሻንጣዬን አየ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ፣ 160 ዩሮ አለኝ። ከበሩ ውጭ ቆሜ በስልኬ ያየሁት የዚያው ክፍል ዋጋ ግማሹን አይሞላም ነበር። ይህን ስነግረው ትከሻውን ሰበቀ። ወጣሁ። ለመንገደኛ የሚጠቅም ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ሌሊት ላይ የክፍል ዋጋ የሚተመነው በክፍሉ ሳይሆን በእንግዳው ፊት ነው፤ ስለዚህ ዋጋ ሳይጠይቁ ሻንጣ ማስቀመጥ፣ ሳይረጋገጥም መቀመጥ አይገባም። እግር አንዴ ካረፈ አይነሣም።

ከዚያ የበርበሬ ሽታ መጣ። እውነት ነው የምለው፤ ከመታጠፊያው ሽታው ቀደመኝ። የብረት መዝጊያው እስከ ወገብ የወረደ ምግብ ቤት ውስጥ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ወለል ይወለውላሉ።

«እንደምን አመሹ፣ እትዬ» አልኩ ጎንበስ ብዬ።

«ዘግተናል… ውይ፣ ሐበሻ ነሽ? ግቢ፣ ግቢ። ራስሽን እንዳትመቺ።»

ምግብ አልቋል፣ ሻይ ግን አልጠፋም። ሻንጣዬን ራሳቸው ጎትተው ግድግዳ አስጠጉልኝና ብቻዬን መሆኔን ጠየቁ። ከዚያ አገር መጣ።

«እንጭኒ» አልኳቸው።

«እንጭኒ… እሱ ደግሞ ወዴት ነው?»

«ከሆለታ ወደ ሙገር ሲሄዱ።»

«ሙገር ሲሚንቶ!» አሉ ውልወላውን አቁመው። «አባቴ ኮተቤ ቤቱን የሠራው በሱ ነው።»

እንጭኒን ያላየ ሰው ሁሉ የሚያውቃት በሲሚንቶው ነው፤ ለምደነዋል። ከአዲስ አበባ 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለች የአደአ በርጋ ወረዳ ከተማ ናት። ሆለታ ላይ ከአምቦ መንገድ የሚገነጠለው መንገድ ባሕር ዛፉንና የገብስ ማሳውን ሰንጥቆ በመሀሏ ያልፍና ወደ ሙገር ይቀጥላል። ፋብሪካው በ1970ዎቹ ሥራ ከጀመረ ወዲህ የመንገዱ ባለቤት ከባድ መኪና ሆኗል፤ አቧራ የለበሰ ረዳት «አልጋ አለ?» እያለ በር ለበር የሚዞርባት ከተማ ናት። አያቴ የሚያወሩልኝ እንጭኒ ግን ከዚያ የቀደመችው ናት። ከሙገር በረሃ ሽቅብ የወጣ ገበያተኛ፣ አህያው የደከመችበት ነጋዴ፣ ወደ ዘመድ ለቅሶ የሚሄድ ሰው ከደጋው አናት ላይ ይመሽበታል። ብርዱ ደግሞ ሌላ ነው፤ የእንጭኒ ሌሊት ውጭ የሚታደርበት አይደለም።

የመሸበት ሰው አጥር ጋ ቆሞ ይጣራል። «ቤቶች! መሽቶብኝ ነው፣ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይላል፣ በአማርኛም ይሁን በኦሮምኛ። ከውስጥ «ቤት የእግዜር ነው፣ ይግቡ» የሚል ድምፅ ይመጣል፤ ውሻው ይያዛል። እንግዳው ዱላውን፣ መሣሪያ ካለው መሣሪያውን ለባለቤቱ ሰጥቶ እሳት ዳር ይቀመጣል። በሞቀ ውሃ እግሩ ይታጠባል። ጭኮ ካለ ጭኮ፣ ከሌለ እንጀራ በአይብ ይቀርባል፤ ወተት መቼም አይጠፋም፣ አገሩ የላም አገር ነው። የአያቴ ቤት ሕግ የሚጠብቀው ከዚህ ላይ ነው፦ እንግዳው በልቶ እጁን ሳይታጠብ ስሙ አይጠየቅም፣ ከወዴት እንደመጣም አይጠየቅም። ከጠየቅሽው፣ ይሉኝ ነበር፣ መልሱን ሰምተሽ ልታስወጪው ያሰብሽ ይመስለዋል።

ይህን ስጽፍ የድሮ ዘመን ሁሉ ወርቅ ነበር ማለቴ አይደለም። አያቴ ራሳቸው እንግዳ ባደረ ሌሊት እንቅልፍ በዓይናቸው አይዞርም ነበር፤ ጆሯቸው በረቱ ላይ ነው። ሌባ ያሳደረ ጎረቤት ታሪክም በቤተሰቡ ይወራል። ሴት ብቻዋን መሽቶባት ከተጣራች ደግሞ በሩ ይከፈትላታል፣ ወሬው ግን ከእሷ በፊት ጠዋት ገበያ ይደርሳል። አሁን በምዕራብ ሸዋ የጸጥታው ነገር ከታወከ ወዲህ አጥር ጋ ቆሞ የሚጣራ ሰው ቀርቷል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መንገድ ላይ ያለ ሰው ጉዞውን ይሰበስባል፤ አልጋ የሚያከራየውም መታወቂያ ሳያይ ቁልፍ አይሰጥም። ሰዎች የማያውቁትን ድምፅ ሰምተው በር ባይከፍቱ አልፈርድባቸውም።

ሴትዮዋ ሻዩን እየቀዱ ችግራቸውን ነገሩኝ። «እኔ ጋ ባሳድርሽ ደስታዬ ነበር፣ ልጄ። ግን አልጋ ብቻ ነው የተከራየሁት። አንድ ክፍል ውስጥ አራት ነን፤ እንግዳ ከገባ ባለቤቷ ሁላችንንም ታስወጣናለች።» ይህን ሲሉ አቀርቅረው ነበር። እንግዳን ወደ ሌላ ቤት መላክ ኮተቤ ላደገ ሰው ቀላል አይደለም። ከዚያ ስልካቸውን አንሥተው በጣሊያንኛ ከአንድ ሰው ጋር ተከራከሩ። «ሁለተኛው መታጠፊያ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ባንግላዲሻዊ ልጅ ነው ሌሊት የሚጠብቀው። 75 ይቀበልሻል፤ ከዚያ በላይ ካለሽ ለእኔ ደውዪ።» የሻዩን ሒሳብ ልከፍል ብል ተቆጡ። ስማቸውን የጠየቅኳቸው ከዚያ በኋላ ነው።

ልጁ በእርግጥም 75 ዩሮ ተቀበለኝ፤ ከዚያ ላይ የከተማዋ የእንግዳ ግብር አለ፣ ሮም ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምታስከፍለው። ፓስፖርቴን ወስዶ ኮምፒውተሩ ላይ ብዙ ቆየ። ምን እንደሚጽፍ ጠየቅኩት፤ ለኩዌስቱራ ነው አለኝ፣ ለፖሊስ። ጣሊያን ውስጥ በክፍያ እንግዳ ያሳደረ ሁሉ ማን እንዳደረ በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ማሳወቅ አለበት፤ ሰነድ የሌለውንም ማሳደር አይችልም። ሕጉ በ1931 እ.ኤ.አ. በሙሶሊኒ ዘመን የወጣ የሕዝብ ደኅንነት ሕግ ነው፣ አንቀጽ 109። ሙሶሊኒ ከወደቀ ወዲህ ጣሊያን ስንት መንግሥት እንደቀያየረች የታወቀ ነው፣ አንቀጹ ግን በሥራ ላይ ነው፤ የተለወጠው የወረቀት ቅጹ ኮምፒውተር መሆኑ ነው። ልጁ ራሱ አንድ ጊዜ ወረቀቱ እስኪታደስ ድረስ እሱ የሚጠብቀው ፔንሲዮን ውስጥ በሕጋዊ መንገድ ማደር የማይችልበት ወራት እንደነበረ እየሳቀ ነገረኝ። ታዲያ የት ታድር ነበር ስለው ወንበሩን አሳየኝ። ሥራ ላይ ነኛ፣ አለ።

አልጋው ጠባብ፣ አንሶላው ንጹሕ፣ መስኮቱ ወደ ሌላ መስኮት የሚያይ። ስለ ክፍሉ ከዚህ በላይ የሚባል የለም።

ሴትዮዋ ሻይ ሲያጠጡኝ የነገሩኝን ቤት ጠዋት ሄጄ አየሁት። ቪያ ኩርታቶኔ ላይ፣ ከፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ ጥግ የቆመ ትልቅ የቢሮ ሕንፃ ነው፤ ከተርሚኒ በእግር ጥቂት ደቂቃ ቢሆን ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. ጥቅምት ላይ ቤት ያጡ ስደተኞች ባዶውን አግኝተው ገቡበት፤ አብዛኞቹ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ነበሩ፣ ብዙዎቹም ጣሊያን ጥገኝነት የሰጠቻቸው፣ ወረቀት ያላቸው። በነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. ፖሊስ ሲያስወጣቸው 800 ያህል ሰው ይኖርበት ነበር። የሚሄዱበት ያልነበራቸው አደባባዩ ላይ አደሩ፤ ነሐሴ 24 ቀን ማለዳ ፖሊስ በውሃ መድፍ በተናቸው። ምስሉ ዓለምን ዞሯል። ከከተማው ዳር፣ በአናኚና በኩል፣ በ2006 እ.ኤ.አ. የተያዘ ሌላ ሕንፃ አለ፤ የዩኒቨርሲቲ ሕንፃ የነበረ ነው፣ ነዋሪዎቹ ሰላም ፓላስ ይሉታል። እኔ አንድ ሌሊት በአንድ ሰዓት ተኩል ፍለጋ ያቃለልኩትን ነገር እነዚህ ሰዎች በዓመታት አላቃለሉትም፤ የእኔን ችግር ከእነሱ ጋር አንድ ገጽ ላይ መጻፌም ትንሽ ያሳፍራል። ግን መንገዱ አንድ ነው፣ ደወሎቹም እነዚያው ናቸው።

ከዚያ ወደ ደቡብ በእግሬ ወረድኩ። ሮም በሌሊት ስለደረሱ ኢትዮጵያውያን ከተወራ አበበ ቢቂላን ሳያነሡ ማለፍ ነውር ነው። መስከረም 10 ቀን 1960 እ.ኤ.አ. ማራቶኑ ሙቀት እንዲሸሽ ተብሎ አመሻሹ ላይ ከካፒቶሊኖ ኮረብታ ተነሣ፤ ቪያ አፒያ ላይ ሲደርሱ ጨልሟል፣ ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን ያበሩላቸዋል። አበበ ባዶ እግሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የቆስጠንጢኖስ ቅስት ጋ ደረሰ። ከዚያ በፊት ያለፈበት ፖርታ ካፔና አደባባይ ላይ፣ ለጣሊያን አፍሪካ ሚኒስቴር ተብሎ ከተጀመረው ከዛሬው የፋኦ ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት፣ የአክሱም ሐውልት ቆሞ ነበር። ሐውልቱ በ2005 እ.ኤ.አ. ወደ አክሱም ተመልሶ በ2008 እ.ኤ.አ. ተተከለ። ቦታው ዛሬ መኪና የሚሽቀዳደምበት መስቀለኛ መንገድ ነው፤ ቱሪስቱ ወደ ቺርኮ ማሲሞ እያየ ያልፈዋል።

ሮም የመጣሁበት ዋናው ነገር ግን ቴቬሬን ተሻግሮ ነበር። የቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ መካከለኛው የነሐስ በር በ1445 እ.ኤ.አ. ያለቀ የፊላሬቴ ሥራ ነው። ከታላላቆቹ ሥዕሎች መካከል በተቀረጹት ጠባብ ረድፎች ላይ ከጥቂት ዓመታት በፊት የመጡ የግብፅና የኢትዮጵያ መነኮሳት ወደ ሮም ሲገቡ ይታያሉ። ኢትዮጵያውያኑ ከኢየሩሳሌም ገዳም ተልከው በ1441 እ.ኤ.አ. የፍሎረንስን ጉባኤ የተካፈሉ ናቸው። ሰዉ ከፊቱ ስልኩን ደቅኖ ይገባል፣ ያንን ረድፍ የሚያየው የለም ማለት ይቻላል። ጠጋ ብዬ ብዙ ቆምኩ። መንገደኛ ሲደርስ የሚያሳይ፣ በነሐስ የተቀረጸ፣ የእኛ ሰው ያለበት ሌላ ሥዕል አላውቅም።

ከባሲሊካው ጀርባ ደግሞ ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ አለ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ። ጳጳሱ ሲክስቶስ አራተኛ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት ሰጡት። እዚህ የሚደርሰው ተሳላሚ በምጽዋ ወይም በግብፅ፣ ከዚያ በኢየሩሳሌም፣ ከዚያ በመርከብ ዞሮ የመጣ ነው፤ ከመንገድ የቀረው ከደረሰው ይበዛ ይሆናል። አስቀድሞ የሚላክ ደብዳቤ ከሰውየው ከራሱ አይፈጥንም፣ ስለዚህ ማንም ማንንም አይጠብቅም፤ ቤቱ የቆመው ላልተጠበቀ ሰው ነው። የሠራውም ሥራ ከማሳደር በላይ ሄደ። በግዕዝ ፊደል መጀመሪያ የታተመው መጽሐፍ፣ በ1513 እ.ኤ.አ. የወጣው መዝሙረ ዳዊት፣ ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ሮም ውስጥ ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት ተምሮ ያሳተመው ነው። የግራኝ ጦር ደብረ ሊባኖስን ካቃጠለ በኋላ ከዚያው ገዳም የተሰደዱት አባ ተስፋ ጽዮንም በዚህ ቤት ተቀምጠው አዲስ ኪዳንን በ1548 እ.ኤ.አ. በግዕዝ አሳተሙ። ከ1919 እ.ኤ.አ. ወዲህ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ያለው ብቸኛ ኮሌጅ የኢትዮጵያውያኑ ነው።

እኔ ያለ ቀጠሮ ቅጥሩን አላልፍም። ስለዚህ ወደ ጉልላቱ ወጣሁ፣ 551 ደረጃ። ከላይ ሲታይ ቤተ ክርስቲያኑ ከባሲሊካው ወገብ ሥር የተሸጎጠ ትንሽ ጣሪያ ነው።

እዚያ ጣሪያ ሥር ከኖሩት የምወዳቸው አባ ጎርጎርዮስ ናቸው፣ የአማራው መካነ ሥላሴ ሰው። በ1649 እ.ኤ.አ. ግዕዝን ከመጽሐፍ የተማረ ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባል ወጣት ጀርመናዊ መጥቶ አገኛቸው፤ ወዳጅ ሆኑ። ከሦስት ዓመት በኋላ የሳክስ-ጎታው መስፍን ኤርንስት ጋበዟቸው። ይህን ጊዜ ደብዳቤ አለ፣ የሚቀበል ሰው አለ፣ ማደሪያው በግንባታ ላይ ያለው የፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ነው። ጎታ ሲደርሱም ጥያቄው ተጀመረ፦ ስለ ንጉሡ፣ ስለ ሃይማኖቱ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ወንዙ። መስፍኑም ባለሟሎቹም ይጠይቃሉ፣ ሉዶልፍ ያስተረጉማል፣ ይጽፋል። አባ ጎርጎርዮስ የሰሜኑን ክረምት ፈርተው ብርዱ ሳይበረታ ወጡ፤ በ1658 እ.ኤ.አ. ወደ አገራቸው ሲመለሱ እስክንድሮና አጠገብ መርከባቸው ሰጥሞ ሞቱ። ሉዶልፍ ከእሳቸው የሰማውን ይዞ ስለ ኢትዮጵያ የጻፈውን ታላቅ ታሪክ በ1681፣ የአማርኛውን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ደግሞ በ1698 እ.ኤ.አ. አሳተመ።